እንቅልፍ ማጣትና የሰውነት ክብደት



በዚህ እትም የምናጠናው ርእስ ላይ ላዩን ሲያዩት ከእርዳታና ከልማት ሥራ ጋር የሚገናኝ አይመስልም። በፕሮጀክት ጣቢያዎቻችን ሚዛን የሚታወቀው ሕፃናትን በመመዘን ነው። በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ይንጠለጠላል፤ እናቶች ተሰልፈው ልጆቻቸውን በየተራ ያስመዝናሉ፤ እኛም ኪሎው የጎደለውን እየለየን አልሚ ምግብ እናድላለን። በሚዛን ላይ የምንፈራው ጉድለትን እንጂ ትርፍን አልነበረም። ሰው ወፍሮ ስናይማ «ተስማምቶሃል፣ ጌታ ይመስገን» እንላለን እንጂ «እንቅልፍህ እንዴት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ይህን ትምህርት እንድናዘጋጅ ያነሣሣን የአንድ ጣቢያችን የሌሊት ዘበኛ ጉዳይ ነው። ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ፣ ሲቀጠሩ ቀጭን የነበሩ ሰው ናቸው። በሁለት ዓመት ውስጥ 11 ኪሎ ጨመሩ። ነርሷ የሠራተኞችን ጤና በመረመረችበት ቀን የደም ስኳራቸው ከልክ በላይ ሆኖ ተገኘ። እኛም ወዲያው ምግብ እንዲቀንሱ መከርናቸው። በዚያው ሳምንት በጠዋቱ ጸሎት ላይ ራስን ስለ መግዛት አስተማርን፤ ስማቸውን ባንጠራም ትምህርቱ ለማን እንደ ተነገረ በክፍሉ ውስጥ ያልገባው ሰው አልነበረም። እርሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። ከጸሎት ስንወጣ በር ላይ ቆመው ጠበቁንና «ልጆቼ፣ ቀን ቀንማ የምበላው እንደ እናንተው ነው፤ ሌሊት ግን ሆዴ ሌላ ሆድ ይሆናል» አሉን።

ያን ጊዜ ይህን ቃል እንደ ማመካኛ ቆጠርነው። እኒህ ሰው በሳምንት ስድስት ሌሊት ግቢያችንን ይጠብቃሉ። ጠዋት ከእኛ ዘንድ ወጥተው በሰፈሩ እንጨት ይፈልጣሉ፣ ሸክም ይሸከማሉ፤ የሚያስተምሯቸው ልጆች አሉና። በቀን የሚያገኙት እንቅልፍ አራት ሰዓት ቢሞላ ነው። ይህን ሁሉ እናውቅ ነበር። እንቅልፍንና ሆድን ምን እንደሚያገናኛቸው ግን አናውቅም ነበር። ስለዚህ ከማስተማራችን በፊት መማር የነበረብንን፣ ዘግይተን የተማርነውን፣ ለእናንተም እናካፍላለን። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁለቱ መልእክተኞች

ሰው የሚርበው ሆዱ ባዶ ስለ ሆነ ብቻ፣ የሚጠግበውም ሆዱ ስለ ሞላ ብቻ ይመስለናል። ነገሩ ከዚህ የሰፋ ነው። ሰውነታችን በደም ውስጥ እየተመላለሱ ለአንጎል ወሬ የሚያደርሱ፣ ሆርሞን የሚባሉ መልእክተኞች አሉት። ከእነዚህ አንዱ ሌፕቲን ይባላል፤ በ1994 ጄፍሪ ፍሪድማን የተባሉ ሳይንቲስት ከባልደረቦቻቸው ጋር በኒው ዮርክ ከተማ በሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ያገኙት ነው። ሌፕቲን የሚመነጨው ከሰውነታችን ስብ ነው። እንደ ጎተራ ጠባቂ አድርጋችሁ አስቡት፤ «እህል አለ፣ አትቸገሩ» እያለ ወደ አንጎል ይልካል። ሁለተኛው ግሬሊን ይባላል፤ በ1999 በጃፓን አገር ኮጂማና ካንጋዋ የተባሉ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ያገኙት ነው። ይህኛው በአብዛኛው ከጨጓራ ይመነጫልና እንደ ተራበ ሕፃን ነው፤ በማጀት በር ቆሞ «ምግብ፣ ምግብ» ይላል።

እንግዲህ በ2004 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የታተመ ጥናት 12 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን ወስዶ እንዲህ አደረገ። በአንድ ወቅት ሁለት ሌሊት በአልጋ ላይ አራት አራት ሰዓት ብቻ እንዲቆዩ ተደረገ፤ በሌላ ወቅት ደግሞ እነዚያው ሰዎች ሁለት ሌሊት አሥር አሥር ሰዓት እንዲቆዩ ተደረገ። ከዚያ በኋላ ደማቸው ሲመረመር፣ እንቅልፍ ባጡበት ጊዜ የጎተራው ጠባቂ ሌፕቲን በ18 በመቶ ቀንሶ፣ ግሬሊን ደግሞ በ28 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። ረሃባቸውም በ24 በመቶ ከፍ አለ። ከሁሉ ይልቅ ያማራቸው ጣፋጭ፣ ጨው የበዛበትና እንደ ዳቦ ያለው ምግብ ነበር። ልብ በሉ፤ እነዚህ ወጣቶች ሆዳሞች አልነበሩም። ጎተራቸውም አልጎደለም። የተለወጠው የሚደርሳቸው ወሬ ነው። ሁለት ሌሊት ብቻ በቂ ሆነ።

እውነቱን ለመናገር፣ ከዚህ በኋላ የተደረጉት የሆርሞን ምርመራዎች ሁሉ በአንድ ቃል አልተስማሙም፤ በአንዳንዶቹ ሌፕቲን አልቀነሰም። የሰው ሰውነት እንደ ወፍጮ ቤት ሞተር አንድ ቁልፍ ብቻ ያለው አይደለም። ደጋግሞ የታየውና የተስማሙበት ነገር ግን እንቅልፍ ያጣ ሰው ምግብ በቀረበበት ቦታ ሁሉ አብዝቶ መብላቱ ነው።

«ነቅቶ የሚያድር ሰው ኃይል ያወጣ የለም ወይ?»

ይህን ጥያቄ ያነሣችው የጣቢያችን የሒሳብ ሠራተኛ ናት፤ ጥሩ ጥያቄም ነው። የሚነቃ ሰው ከተኛ ሰው ይልቅ ኃይል ያቃጥላል፤ እንግዲያስ ሊከሳ እንጂ ሊወፍር አይገባውም ነበር። በ2013 በኮሎራዶ የታተመ ጥናት ይህንኑ መረመረ። 16 ጤነኛ ሰዎች ለአምስት ሌሊት አምስት አምስት ሰዓት ብቻ እንዲተኙ ሲደረግ፣ በቀን የሚያወጡት ኃይል በእርግጥ ወደ 5 በመቶ ጨመረ። ነገር ግን የበሉት ካወጡት በልጦ በአምስት ቀን ውስጥ 0.82 ኪሎ ጨመሩ። ከራት በኋላ የቀመሱት ብቻ ተደምሮ በቀን ከበሉት ከማናቸውም አንድ ማዕድ በልጦ ተገኘ። በዚያው ዓመት በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ 225 ሰዎች የተሳተፉበት ሌላ ጥናት ታትሞ ነበር። በተከታታይ አምስት ሌሊት አራት አራት ሰዓት ብቻ የተኙት ሰዎች ወደ አንድ ኪሎ ገደማ ጨመሩ፤ ትርፉ ምግብ የተበላውም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነበር።

«ሌሊት ሆዴ ሌላ ሆድ ይሆናል» ያሉት ሰው እውነታቸውን ነበር።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን ማጀት እንግባ። መሥሪያ ቤታችን ለሌሊት ዘበኞች ሻይ ቅጠልና ስኳር ይሰጣል። የሰጠናቸው ስለ ብርዱ በማሰብ ነው፤ በጎ አሳብ ነበር። ታዲያ የእኒህ ሰው ፔርሙስ በአንድ ሌሊት ስድስት ብርጭቆ ይወጣዋል፤ በእያንዳንዱ ብርጭቆ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ይገባል። አንድ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ቢሆን፣ ከአንድ ግራም ስኳር 4 ካሎሪ ኃይል ይገኛልና፣ ሒሳቡ በአንድ ሌሊት ወደ 290 ካሎሪ ይደርሳል። ይህ እንግዲህ ዳቦውና ቆሎው ሳይቆጠር ነው። ይህችን ቁጥር ያዙልን፤ ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

ስለ ደም ስኳር

ክብደቱ የሚያስፈራን ስለ መልክ አይደለም። በ1999 በዚያው በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ 11 ወጣቶች ለስድስት ሌሊት በአልጋ ላይ አራት አራት ሰዓት ብቻ እንዲያሳልፉ ተደርጎ ነበር። ከዚያም ስኳር ሲሰጣቸው ሰውነታቸው ከደም ውስጥ የሚያነሣበት ፍጥነት ቀነሰ፤ ምርመራቸው የስኳር በሽታ ሊጀምረው ያለውን ሰው ይመስል ነበር። እንቅልፋቸውን ሲጠግቡ ደግሞ ተሻላቸው። ምክንያቱን በአጭሩ ለመናገር፣ ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊን ስኳርን ከደም ወደ ጡንቻና ወደ ሌላው የሰውነት ክፍል የሚያስገባ በር ከፋች ነው፤ እንቅልፍ ባጣ ሰውነት ላይ በሮቹ ለኢንሱሊን ቶሎ አይከፈቱም። በዚህ ላይ ሰውነታችን በጠዋት የበላነውን ስኳር በሌሊት ከበላነው ይልቅ በቀላሉ ያስተናግዳል። ስለዚህ ሌሊቱን ነቅቶ ጣፋጭ ሻይ የሚጠጣ ሰው ሸክሙ እጥፍ ነው።

ሆኖም ነገሩን ከልኩ አናሳልፈው። እንቅልፍ ያጣ ሁሉ አይወፍርም፤ የወፈረም ሁሉ እንቅልፍ ያጣ አይደለም። በአሜሪካ 68,183 ሴት ነርሶችን ለ16 ዓመት የተከታተለና በ2006 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በሌሊት አምስት ሰዓት ወይም ከዚያ በታች የሚተኙት ሰባት ሰዓት ከሚተኙት ይልቅ የጨመሩት ትርፍ በአማካይ 1.14 ኪሎ ብቻ ነው። ይህ ትንሽ ነው፤ የምንበላው፣ የምንሠራውና ከወላጅ የወረስነው ነገር ሁሉ በሚዛኑ ላይ ይቆጠራል። ነገር ግን አማካይ ማለት አንዱ ምንም ሳይጨምር ሌላው ብዙ ጨምሮ የሚገኝበት ነው። የእኛ ዘበኛ ከብዙዎቹ ወገን ነበሩ።

ደግሞም ነገሩ ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳል። ሰው ሲወፍር በአንገቱ ዙሪያ ስብ ይጠራቀምና ሲተኛ የአየር መተላለፊያው ይጠብባል። ያንኮራፋል፤ በመካከል ትንፋሹ ይቆማል፤ ከዚያ እንደ መታነቅ ብሎ ይባንናል። ይህ በሌሊት ብዙ ጊዜ ይደጋገማል፤ እርሱ ራሱ ግን ጠዋት አያስታውሰውም፤ የምታውቀው ሚስቱ ናት። ስምንት ሰዓት በአልጋ ላይ ቆይቶም እንቅልፍ አላገኘም ማለት ነው። ሾፌሮቻችንን በተለይ ስለዚህ እንለምናለን። ቀን መሪ ላይ ዓይናችሁ እየተከደነ ከተቸገራችሁና ባለቤቶቻችሁ ስለ ማንኮራፋታችሁ ከነገሯችሁ፣ አትሳቁበት፤ ወደ ሐኪም ሄዳችሁ ተናገሩ።

ክብደት መቀነስ የሚፈልግ፣ መቀነስ የማይችለውም

ከሁሉ ያስገረመን በ2010 ከቺካጎ የወጣው ጥናት ነው። 10 ወፍራም ሰዎች ምግባቸው ተቀንሶ ለ14 ቀን 8 ሰዓት ተኩል፣ በሌላ ወቅት ደግሞ ለ14 ቀን 5 ሰዓት ተኩል በአልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደረገ። በሁለቱም ጊዜ ሚዛኑ የተናገረው አንድ ዓይነት ነው፤ ወደ 3 ኪሎ ቀነሱ። ይሁን እንጂ የቀነሰው ምን እንደ ሆነ ሲመረመር ልዩነቱ ታየ። እንቅልፍ ሲያገኙ 1.4 ኪሎ ስብ ወረደላቸው፤ እንቅልፍ ሲያጡ ግን የወረደው ስብ 0.6 ኪሎ ብቻ ሆኖ፣ የቀረው 2.4 ኪሎ ጡንቻና ሌላው ከስብ ውጭ ያለው የሰውነት ክፍል ነበር። ሰውነት ትርፉን ይዞ ጉልበቱን ከፈለ ማለት ነው።

እኛ ሚዛንን አብዝተን የምናምን ሰዎች ነንና ይህ ያሳስበናል። ኪሎ ቀነሰ ብለን ያመሰገንነው ሰው የጎደለበትን ሚዛኑ አይነግረንም። የተጠኑት ሰዎች ወፍራሞች ስለ ነበሩ ከእነርሱ ተነሥተን ስለ ተራበ ሰው እንዲህ ነው ብለን ልንፈርድ አንችልም። ግን አንድ ነገር እንድናስብ አስገድዶናል። የእህል እደላ በምናደርግበት ቀን «ከንጋቱ 12 ሰዓት ተገኙ» እንላለን። ሩቅ ያሉት እናቶች በዚያ ሰዓት ለመድረስ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ይነሣሉ፤ ሕፃን አዝለው በጨለማ ይሄዳሉ። እኛ ደግሞ መኪናው እስኪደርስ፣ መዝገቡ እስኪከፈት ሦስት ሰዓት ላይ ነው የምንጀምረው። ሥጋ ለሌለው ሰው ስንዴ እየሰጠን እንቅልፉን ስንወስድበት ኖረናል። አሁን በሁለት ጣቢያዎች መጀመሪያውን ወደ ጠዋቱ 4 ሰዓት አዛውረናል፤ በእደላው ላይ ምንም የጎደለ ነገር የለም።

በጉባኤዎቻችን ስላለው ልማድ

እዚህ ላይ አንዳንድ ወንድሞችና እኅቶች «የሌሊት ጸሎትን ልትከለክሉ ነው?» ሊሉን ይችላሉ። አይደለም። ዓርብ ሌሊት በጸሎት ማደር የቤተ ክርስቲያናችን የቆየ በረከት ነው፤ በሳምንት አንድ ሌሊት ያደረ ሰውም በዚያ ምክንያት ይወፍራል አንልም። የምንናገረው ስለ ሌላው ነገር ነው። ዓርብ ሌሊት ያደሩትን አገልጋዮች ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ለሥልጠና እንጠራለን፤ ከሰዓት በኋላ የመዘምራን ልምምድ አለ፤ ምሽት የሽማግሌዎች ስብሰባ ይቀጥላል፤ እሑድም ማልደው ይነሣሉ። ስብሰባው ሲረዝም ለስላሳ መጠጥና ብስኩት ይታደላል፤ በድካም ላይ ስለሚመጣ ማንም አይመልሰውም። ከዚያ እንደ ገና ሰኞ ይሆናል።

መጽሐፈ ምሳሌ ታካችን በብርቱ ይወቅሳል፤ እኛም በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ሳለን ከዚህ ክፍል ብዙ ስብከት ሰምተናል፣ ሰብከናልም። ስለ ኤልያስ ግን ከዚህ አንጻር ሲሰበክ የሰማነው ጥቂት ነው። በአንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 19 ነቢዩ ደክሞ፣ ሞትንም ለምኖ ከክትክታው ዛፍ በታች ተኛ። መልአኩ ሲመጣ የወቀሳ ቃል አልተናገረውም፤ አብልቶ አጠጣው፣ ተመልሶም ሲተኛ ተወው፤ የመንገዱ ነገር የተነሣው ሁለተኛ ሊያበላው በመጣ ጊዜ ነው። እንቅልፍና እንጀራ በተራቸው መጡ። እኛ ለዘበኛችን ያደረግነው የዚህን ተቃራኒ ነበር።

ሌላ ልማድም አለ። ሳምንቱን በሙሉ አጥተን «ቅዳሜ እንተኛበታለን» እንላለን። በ2019 ከኮሎራዶ የወጣ ጥናት ይህን ፈትኖታል። በሥራ ቀናት እንቅልፍ አጥተው በሳምንቱ መጨረሻ እንደ ልባቸው የተኙት ሰዎች፣ በእነዚያ ቀናት ከራት በኋላ የሚበሉት ቢቀንስም፣ ወደ አጭሩ ሌሊት ሲመለሱ የምሽቱ መብላት ተመለሰ፤ ክብደታቸውም ከመጨመር አልዳነም። እንቅልፍ እንደ ዕቁብ በአንድ ቀን ተጠቅልሎ አይወጣም።

ምን ማድረግ ይቻላል?

ቀደም ሲል ያዙልን ወዳልናት ቁጥር እንመለስ። በ2022 የታተመ፣ በቺካጎ የተደረገ ጥናት 80 ወፍራም ሰዎችን አሳተፈ። ሁሉም በልማዳቸው በሌሊት ከ6 ሰዓት ተኩል በታች የሚተኙ ነበሩ። ለግማሾቹ እንቅልፋቸውን እንዴት እንደሚያስረዝሙ ምክር ተሰጣቸው፤ ስለ ምግብ ግን አንዳች ቃል አልተነገራቸውም። በየቤታቸው እየኖሩ፣ እየሠሩ፣ በሌሊት አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ እንቅልፍ ጨመሩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልተመከሩት ጋር ሲነጻጸሩ በቀን 270 ካሎሪ ያህል ቀነሱ። ማንም አልገሠጻቸውም፤ ማንም ስለ ሆዳምነት አልሰበከላቸውም። እንቅልፋቸው ስለ ረዘመ የሚበሉት አነሰ። ይህም የዘበኛችን የሌሊት ስኳር ያህል ነው።

ለአዋቂ ሰው በሌሊት ቢያንስ ሰባት ሰዓት እንቅልፍ እንደሚያስፈልገው በ2015 በአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና ማኅበራት ተመክሯል። በየቤታችን የሚያጎድሉብንን ነገሮች እያንዳንዳችን እናውቃቸዋለን። የምሽቱ ቡና አንዱ ነው፤ አቦልና ቶና አልፎ በረካ ላይ ሲደረስ ጨዋታው ይጥማል፣ ነገር ግን ካፌይን ከጠጣነው ከአምስት ሰዓት ያህል በኋላ እንኳ ገና ግማሹ በሰውነታችን ውስጥ አለ። ቡናውን ከሰዓት በኋላ ቀደም አድርጎ ማፍላት ጉርብትናን አያጎድልም። ስልኩንም ከመኝታ ክፍል ውጭ ማሳደር ነው። የሥራ ሪፖርት በሌሊት የሚጽፉ ባልደረቦቻችን፣ ሪፖርቱን የምንጠይቀው እኛው ነንና፣ ቀኑን ስንወስን እናስብላቸው።

ሌሊት መሥራት ግድ የሆነበት ሰው ግን አለ፤ ዘበኛ፣ ነርስ፣ አዋላጅ። ለእነዚህ «ማልደህ ተኛ» ማለት ፌዝ ነው። የሚረዳቸው ቀን የሚተኙበት ጨለማና ጸጥ ያለ ቦታ፣ ዋናውን ምግብ ወደ ሥራ ከመግባታቸው በፊት መብላት፣ ሌሊት ውኃና ስኳር የሌለው ሻይ መያዝ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ተራው የሚዞርበት መርሐ ግብር ነው።

በእኛ ጣቢያ ሦስተኛ ዘበኛ ተቀጠረ። ቀላል አልነበረም፤ «ከየትኛው በጀት?» የሚለው ጥያቄ ሁለት ስብሰባ ፈጀ፤ አንዳንዶቻችን የስድስቱ ሌሊት ደመወዝ ለአራት ሌሊት መከፈሉን አልወደድነውም። በመጨረሻ የቢሮ ዕቃ መግዣ ተቀንሶ ተፈጸመ። ከዚያም ሽማግሌውን ጠርተን ስለዚያ ጠዋት ትምህርት ይቅርታ ጠየቅናቸው። «እናንተማ መጽሐፉን ነው ያነበባችሁ» ብለው ሳቁ፤ እኛ ግን አልሳቅንም። የእንጨት ፈለጣውን ሙሉ በሙሉ አልተዉም፤ የልጆቹ ነገር ግድ ነው። አሁን ግን በአብዛኛው ቀን ስድስት ሰዓት ያህል ይተኛሉ፤ ሻያቸውን በአንድ ማንኪያ አድርገዋል። በስምንት ወር 3 ኪሎ ቀንሰዋል። የስኳር መድኃኒታቸውን ይወስዳሉ፤ በየወሩም ይመረመራሉ።

ለቡድን ጥናት

በጉባኤ ወይም በጣቢያ ተሰብስባችሁ ይህን ስታጠኑ በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ ተወያዩ። በመካከላችሁ በሌሊት ከስድስት ሰዓት በታች የሚተኛ ማን ነው? እንቅልፉንስ የሚወስድበት የራሱ ልማድ ነው ወይስ ሌላ ሰው ያወጣለት መርሐ ግብር? ባለፈው ወር በቤተ ክርስቲያናችሁ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ስንት ስብሰባ ተደረገ፤ ከእነዚያስ ስንቱ በቀን ሊደረግ ይችል ነበር? አንድ ሰው ሲወፍር ወይም የስኳር በሽታ ሲይዘው መጀመሪያ የምንጠይቀው ጥያቄ ምንድር ነው? አንደኛ ነገሥት 19ን ከቁጥር 4 እስከ 8 አንብቡ፤ መልአኩ በመጀመሪያ ያደረገውን፣ ከዚያም ያደረገውን በቅደም ተከተል ጻፉ። በመጨረሻም የግቢያችሁን ዘበኛ ወደ ጥናቱ ጥሩት፤ ጥናቱን ግን እርሱ በሚተኛበት ሰዓት አታድርጉት።